እናቲቱ ያዩት፦ በጆሲ ኪንግ ሞት ላይ የቀረበ የጉዳይ ጥናት

የ18 ወሯ ጆሲ ኪንግ ሆስፒታል ውስጥ እናቷና አንዲት ነርስ ገላዋን ሲያጥቧት፣ እርጥቡን ፎጣ አፏ ውስጥ ከትታ በኃይል ትጠባው ነበር። ከዚያ በፊትም የሚጠጣ ነገር ባየች ቁጥር ትጮኽ ነበር፤ ይህ እንግዳ የሆነባቸው እናቷ ወይዘሮ ሶረል ኪንግ ግን ምንም እንዳያጠጧት ተነግሯቸዋል። ታጥባ ስትተኛ ዓይኖቿ ወደ ላይ ሲገለበጡ አዩ። ሐኪም እንዲጠራ ጠየቁ፤ ሐኪም አልመጣም። ሕፃኗ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የካቲት 15 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2001) በእናትና አባቷ እቅፍ ሆና ሞተች። ለሞት ያበቃት ወደ ሆስፒታል ያስገባት ቃጠሎ አልነበረም፤ የሰውነቷ ፈሳሽ እጅግ ማለቁና መሰጠት ያልነበረበት ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ መሰጠቱ ነበር።

ይህ የሆነው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘውና በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት ሆስፒታሎች አንዱ በሆነው በጆንስ ሆፕኪንስ ነው። ጉዳዩ በይፋ የታወቀው እናቲቱ ከ2002 ጀምሮ (ይህና ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሐኪሞች ጉባኤዎች ላይ እየቆሙ ስለተናገሩት፣ ሆስፒታሉም ስሕተቱን ስላመነ ነው። የአልጋው ዳር ውሎ የደረሰን በአብዛኛው በእናቲቱ አንደበት ስለሆነ የነርሶቹንና የሐኪሞቹን ሐሳብ በዚያው ልክ አናውቅም፤ አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ። ሆኖም የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አስታማሚ ከሐኪም ጋር ሲነጋገር ምን ይደርስበታል የሚል በመሆኑ፣ ምስክርነቱ ከአስታማሚዋ መምጣቱ ለጉዳዩ የተገባ ነው።

የኪንግ ቤተሰብ 4 ልጆች ነበሩት፤ ጆሲ የመጨረሻዋ ነበረች። በጃንዋሪ 2001 መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብታ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፈተችው። 60 ከመቶ የሚሆነው የሰውነቷ ክፍል አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ደረሰበት። የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብታ በጥሩ ሁኔታ አገገመች፤ ቀጥሎም ክትትሉ ወደሚቀንስበት ሌላ ክፍል ተዛወረች። ቤተሰቡ በቀናት ውስጥ ወደ ቤት እንደምትመለስ ሲነገረው ለመቀበያዋ መዘጋጀት ጀምሮ ነበር። እናቷ ግን አልጋዋ አጠገብ ከመሆን አልቦዘኑም።

በዚህ ጊዜ ፈሳሽ ይሰጥበት የነበረው፣ በትልቅ ደም ሥር የገባው ቱቦ ወጥቷል። ቃጠሎ የደረሰበት ቆዳ ውሃን እንደ ጤነኛ ቆዳ አይዝም፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ ከሰውነቱ መጠን አንፃር ፈሳሽ ቶሎ ያልቅበታል። በአፍ እንዳይሰጣት ከተከለከለ፣ በደም ሥርም የሚገባው ከቆመ ወይም ካነሰ፣ የሚወጣውና የሚገባው ፈሳሽ በየሰዓቱ ተቆጥሮ ካልተመዘገበ በስተቀር ጉድለቱ በቀላሉ ጎልቶ አይታይም። ቶሎ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ የልጅቷ ጠባይ ነው። ጠባይዋን ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ ፎጣው ሲጠባ ያዩት ሴት ነበሩ። ሐኪም በቀን ለጥቂት ደቂቃ፣ ነርስ ሌሎች በሽተኞችን እያስተናገደች በየተወሰነ ሰዓት የምታየውን ሕፃን፣ እናት ቀኑን ሙሉ ታያታለች። «ልጄ እንዲህ አድርጋ አታውቅም» የሚል ቃል በቁጥር ባይገለጽም፣ ከደም ግፊትና ከልብ ምት ቁጥሮች እኩል የምርመራ መረጃ ነው። ወይዘሮ ሶረል ለነርሷ የተናገሩትም በመሠረቱ ይህንኑ ነበር።

የተሰጣቸው መልስ ልጆች ብዙ ጊዜ እንዲህ እንደሚያደርጉ፣ ቫይታል ሳይኗም (የልብ ምት፣ የትንፋሽ፣ የሙቀትና የደም ግፊት ልኬቷ) ደህና እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። ሌላ ነርስ እንድታያት ጠየቁ፤ ሁለተኛዋም ሁሉ ነገር ደህና ነው አለች፤ ቤታቸው ሄደው ቢተኙ ችግር እንደሌለውም ተነገራቸው። ይህ በእኛ አነጋገር «አይዞዎት» ነው። አይዞዎት ደግ ቃል ነው፤ ሐዘንተኛን ያጽናናል፣ የፈራን ያበረታል። ነገር ግን አስታማሚ ያየውን ለባለሙያ ሲያቀርብ አይዞዎት ከተባለ፣ ያቀረበው ጉዳይ ሳይመረመር ተዘጋ ማለት ነው። ስለ ልጅቱ የተነገረው ነገር ስለ እናቲቱ ጭንቀት እንደተነገረ ተቆጥሮ ሕክምናው ለእናቲቱ ተሰጠ፤ የልጅቱ ጥም ሳይነካ ቀረ። በዚህ ጉዳይ ላይ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ ለእኔ ቁልፉ ይህ ነው፤ ማንም አልሰደባቸውም፣ ማንም አላመናጨቃቸውም፣ በትሕትናም መልስ ሰጥተዋቸዋል። ስንፍና ወይም ክፋት ቢሆን ኖሮ ማስተካከያው ቀላል ይሆን ነበር።

ወይዘሮ ሶረል ቤት ገቡ። በሌሊቱ ሁለት ጊዜ ስልክ ደውለው ጠየቁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰው ልጃቸውን ገና እንዳዩ ሐኪም አሁኑኑ ይምጣ ብለው አስገደዱ፤ በዚህ ጊዜ የሕክምና ቡድኑ መጣ። ናሎክሶን ሁለት ጊዜ ተሰጣት፤ ይህ መድኃኒት እንደ ሞርፊንና ሜታዶን ያሉ ኃይለኛ ማስታገሻዎች በአንጎል ላይ የያዙትን ቦታ አስለቅቆ የተዳከመ እስትንፋስን የሚቀሰቅስ ነው። እናቲቱ ልጅቱ ትጠጣ እንደሆነ ጠየቁ፤ ተፈቀደላት። አንድ ሊትር የሚጠጋ ጭማቂ ሳታቋርጥ ጠጣች። ከፎጣው ቀጥሎ ይህ ሁለተኛው ምስክር ነው፤ በ18 ወር ሕፃን ሆድ አንድ ሊትር የገባው ጥሟ ምን ያህል ቢሆን ነው?

ከዚያ በኋላ ከእነዚህ ማስታገሻዎች ምንም እንዳይሰጣት በቃል ትእዛዝ ተላለፈ። የቃል ትእዛዝ እንደ ጽሑፍ አይቀመጥም፤ ከሰው ወደ ሰው፣ ከተረኛ ወደ ተረኛ ሲሻገር መንገድ ላይ የሚቀረው ብዙ ነው። እንደ ጆሲ ያለችን በሽተኛ ደግሞ ከአንድ በላይ የሐኪሞች ቡድን ስለሚያያት የአንዱ ትእዛዝ የሌላውን ሲሽር ይህን የሚያስታርቅ ሰው ከሌለ ትእዛዞቹ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጠዋት ልጅቷ ነቃ ነቃ ማለት ጀመረች። እናቲቱ ግን አልተረጋጉም፤ የጠዋቷ ተረኛ ነርስ ሁኔታ አላማራቸውምና ይህንኑ ለአንድ ሐኪም ነገሩት፤ ሐኪሞቹንም ከአጠገብ እንዳይርቁ ለመኗቸው።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነርሷ ሜታዶን በሲሪንጅ ይዛ መጣች። እናቲቱ እንዳይሰጣት ታዟል ብለው ተቃወሙ። ነርሷ ትእዛዙ ተለውጧል ብላ መድኃኒቱን ሰጠቻት። ሜታዶን ሰውነት ውስጥ ለረጅም ሰዓት የሚቆይ ማስታገሻ ሲሆን ናሎክሶን የሚሠራው ግን ለአጭር ጊዜ ነው፤ ፈሳሽ ባለቀበት ሰውነት ላይ ይህ ልዩነት ምን እንደሚያስከትል ለመገመት የመድኃኒት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የልጅቷ ልብ ሲቆም እናቷ እግሯን እያሹላት ነበር። ጮኹ፤ ሐኪሞችና ነርሶች ሮጠው ክፍሉን ሞሉት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትዕይንት በሕክምና መጻሕፍት ብዙ ቦታ አይሰጠውም። ወይዘሮ ሶረልን ወስደው ትንሽ ክፍል ውስጥ ከሆስፒታሉ የሃይማኖት አባት ጋር አስቀመጧቸው። ልጃቸውን እንደገና ሲያዩዋት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተመልሳ፣ በመሣሪያዎች ተከብባ፣ ፊቷ በልዞ ነበር፤ አልጋውን ከበው ከቆሙት መካከል የእርሳቸውን ዓይን ሊያይ የፈለገ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። በእኛ ባህል መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው፤ የሚነገርበት ሰዓት፣ የሚናገረው ሰው፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አስቀድሞ ይታሰባል። በሆስፒታል ኮሪደር ግን ክፉውን ዜና ከቃል በፊት የሰዎች ፊት ይናገረዋል፤ አንገቱን የደፋ ሐኪም ማርዳቱን አያውቅም።

ልጅ የሞተባት እናት ሐዘን በምንም አነጋገር እንደማይሻር ግልጽ ነው። ነገር ግን እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ከሐዘኑ ጋር ተጣብቆ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። አይቶ ነበር፣ ተናግሮ ነበር፣ አልተሰማም፤ ታዲያ ለምን ይበልጥ አልጮኸም? ለምን በዚያ ሌሊት ቤቱ ሄደ? አስታማሚው ስሕተት ሳይኖርበት ራሱን ችሎት ያቀርባል። የሚፈርድበትም ማስረጃ ራሱ ያስተዋለው ነገር ነው፤ ምንም ያላየ ሰው «ባውቅ ኖሮ» ብሎ ይጽናናል፣ ያየ ሰው ግን ያም የለውም። ወይዘሮ ሶረል በኋላ እንደተናገሩት የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፉት ቤተሰባቸው ፈርሶ፣ ሆስፒታሉን ለማጥፋት እስከ መመኘት በሚደርስ ቁጣ ውስጥ ነበር።

ይህ የአንዲት እናት ነገር ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በ2000 የታተመና በአሜሪካ የተካሄደ አንድ ጥናት ለሞት የተቃረቡ 988 ሕሙማንንና 893 አስታማሚዎቻቸውን አነጋግሮ፣ ሐኪማቸው ችግራቸውንና አስተያየታቸውን እንደሚያዳምጥ የተናገሩ አስታማሚዎች የድብርት ምልክት የሚታይባቸው ካልተደመጡት ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። በእርግጥ ልቡ የተሰበረ ሰው ሐኪሙ ቢያዳምጠውም ያልተደመጠ ሊመስለው ስለሚችል፣ ከዚህ ብቻ ማዳመጡ ነው ድብርቱን የቀነሰው ብሎ መደምደም አይቻልም። በ2007 የታተመው የፈረንሳይ ጥናት ግን ይህን ጥርጣሬ በከፊል ይመልሳል። በ22 ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሊሞቱ የተቃረቡ የ126 በሽተኞች ቤተሰቦች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በተለመደው መንገድ ተነጋገረ፤ ሁለተኛው ወገን ቤተሰብ እንዲናገር፣ እንዲጠይቅ፣ ስሜቱም እንዲታወቅለት ተብሎ የተቀረጸ ውይይት ተደረገለት፣ ስለ ሐዘን የሚያስረዳ ጽሑፍም ተሰጠው። ከ90 ቀን በኋላ የከባድ ድንጋጤ ጠባሳ ምልክት በመጀመሪያው ወገን 69 ከመቶ፣ በሁለተኛው 45 ከመቶ ላይ ተገኘ።

በዚህ ጥናት ውስጥ እኔን የበለጠ የገረመኝ ቁጥር ሌላ ነው። የተሻሻለው ውይይት በአማካይ የፈጀው 30 ደቂቃ፣ የተለመደው ደግሞ 20 ደቂቃ ነበር፤ ልዩነቱ 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ቤተሰቡ የተናገረበት ጊዜ ግን በተለመደው 5 ደቂቃ፣ በተሻሻለው 14 ደቂቃ ነበር። የተጨመረው ጊዜ ከሞላ ጎደል በሙሉ ለቤተሰቡ አንደበት ተሰጠ ማለት ነው። «ጊዜ የለንም» ለሚል ሐኪም ይህ ስሌት ቢያንስ መታየት ያለበት ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ አንድ ሐኪም ከመጠን በላይ በሽተኛ በሚያይበት አገር 10 ደቂቃም ትልቅ ነገር መሆኑን ባልክድም።

ወደ ባልቲሞር እንመለስ። በዚያን ጊዜ የሆስፒታሎች የተለመደ አካሄድ ስሕተት ሲፈጠር አፍን ዘግቶ ነገሩን ለጠበቃ መተው ነበር። የሆፕኪንስ የሕፃናት ማእከል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጆርጅ ዶቨር ግን ወደ ኪንግ ቤተሰብ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ የሆነውን ነገር እስከ መጨረሻው እንደሚያጣሩና ያገኙትንም እንደሚነግሯቸው ቃል ገቡ። ቃላቸውን የጠበቁት በስልክ ነበር፤ በየሳምንቱ እየደወሉ ምርመራው የደረሰበትን ነገሩ። ለአንዲት ሐዘንተኛ እናት በሳምንት አንድ ስልክ ምን ይፈይዳል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አዲስ ነገር በሌለበት ሳምንት እንኳ ስልኩ ሲጮኽ አንድ ነገር ይነግራል፤ አልረሳንሽም፣ አልሸሸንሽም ይላል። በአልጋው ዳር ከተሰጠው «አይዞዎት» ጋር ሲነጻጸር ይህ ተቃራኒው ነው፤ ያኛው ማጽናኛ እየሰጠ መረጃን ያስቀራል፣ ይህኛው መረጃ በመስጠት ያጽናናል።

ቤተሰቡ ከሆስፒታሉ ጋር በካሳ ተስማማ። ከገንዘቡ ከፊሉን ለዚያው ሆስፒታል መልሶ በልጅቷ ስም የሕፃናት ሕሙማን ደኅንነት ፕሮግራም እንዲቋቋም አደረገ፤ በስሟም ድርጅት መሠረተ። ከዚያ ቀደም በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በሆስፒታል ስሕተት ምክንያት በዓመት ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው እንደሚሞት መገመቱን እናቲቱ የተረዱት ከልጃቸው ሞት በኋላ ነው። የራሳቸው ልጅ ጉዳይ ልዩ አለመሆኑ ቁጣቸውን ከአንዲት ነርስ ላይ አንሥቶ ወደ አሠራሩ መለሰው። በነገራችን ላይ ሕዝብ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ነርሷስ ምን ሆነች?» ብሎ ነው፤ ጥያቄው ተፈጥሯዊ ቢሆንም፣ ሌሊቱን ሐኪም ያልጠሩትንም፣ ትእዛዙን በቃል ያስተላለፉትንም፣ የእናትን ምስክርነት የሚጻፍበት ቦታ የሌለውን መዝገብም ይሸፍናል።

በአገራችን ሆስፒታል ያስታመመ ሰው ይህን የመዝገብ ነገር ለየት አድርጎ ያየዋል። አስታማሚ በእኛ ዘንድ ጠያቂ ብቻ አይደለም፤ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ይመግባል፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ያደርሳል፣ የጠፋውን መድኃኒት ከከተማ ፋርማሲ አፈላልጎ ያመጣል። የሐኪሞች ዙር ሲጀመር ግን «አስታማሚ ውጡ» ይባላል። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነና የሌላውም በሽተኛ ምስጢር መጠበቅ ስላለበት ለትእዛዙ ምክንያት አለው። ዙሩ ሲያልቅ ግን ሌሊቱን በሙሉ ቁጭ ብሎ ያደረው ሰው ምን እንዳየ የጠየቀው ሰው ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ኮሪደር ላይ ሐኪሙን ተከትሎ እየሮጠ የሚናገረው ካልሆነ በስተቀር።

በ2005 በፒትስበርግ ከተማ ሻዲሳይድ የተባለ ሆስፒታል የጆሲን ታሪክ መነሻ አድርጎ አንድ አሠራር ጀመረ። በሽተኛው ወይም ቤተሰቡ ነገሩ እየባሰ ነው፣ የሚሰማንም የለም ብሎ ካመነ ራሱ ስልክ ደውሎ የድንገተኛ ሕክምና ቡድን መጥራት እንዲችል ቁጥር ተሰጠው። ሠራተኞቹ ስልኩ ያለ ምክንያት ሲጮኽ ይውላል ብለው ሰግተው ነበር፤ ያ አልሆነም። ከተደወሉትም ብዙዎቹ ስለ ሕመም አለመታገስና ከሐኪም ጋር ስላለመግባባት ነበሩ፤ ማለትም ሌላ የሚነገርበት ሰው ያጡ ጉዳዮች ነበሩ።

ጆሲ ከሞተች ከ20 ዓመት በኋላ በለንደን ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። በ2021 የ13 ዓመቷ ማርታ ሚልስ ከብስክሌት ወድቃ ቆሽቷ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ኢንፌክሽን ደሟን በከለው፤ ወላጆቿ ስጋታቸውን ደጋግመው ቢናገሩም ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በጊዜው አልተዛወረችም፤ ሞተች። ጉዳዩን የመረመረው ችሎት በጊዜ ተዛውራ ቢሆን ኖሮ ሳትተርፍ እንደማትቀር ገለጸ። እናቷ ባደረጉት ዘመቻ በ2024 በስሟ የተሰየመው ደንብ በእንግሊዝ 143 ሆስፒታሎች መተግበር ጀመረ። ደንቡ እንደ ፒትስበርጉ ለቤተሰብ የመጥራት መብት ይሰጣል፤ የጨመረው ግን ሌላ ነው። ሠራተኞች ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ በሽተኛውን ወይም ቤተሰቡን ከትናንት ተሽሎታል ወይስ ብሶበታል ብለው እንዲጠይቁና መልሱን በተደነገገ መንገድ እንዲመዘግቡ ያዝዛል፤ በዚህም አስታማሚው የተናገረው መዝገብ ላይ ይሰፍራል።